የ98 ፓውንዱ ጆንያ፦ የዊሊ የእጅ ጋሪ ቅፍለት በ1856

ኦክቶበር 19 ቀን 1856 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚባለው ግዛት፣ በስዊትዋተር ወንዝ አጠገብ፣ 400 የሚጠጉ ሰዎች የመጨረሻውን የዱቄት ድርጎ ተካፈሉ። በዚያው ቀን በረዶ ወረደባቸው። መድረሻቸው ሶልት ሌክ ሲቲ ገና ከ250 ማይል በላይ ይርቅ ነበር።

ይህ ታሪክ ሲነገር ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በበረዶው ላይ ይላከካል፤ የዚያ ዓመት ክረምት ቀድሞ ገባ ይባላል። መግባቱስ ገብቷል። ዱቄቱ የሚያልቅበት ቀን ግን የተቆረጠው ከሁለት ወር በፊት፣ ሚዙሪ ወንዝ ዳር ነው። ቀላል የማካፈል ስሌት የሚችል ሰው ሁሉ እዚያው ሊያየው ይችል ነበር፤ አንድ ሰው አይቶታልም።

የእጅ ጋሪ ለምን ተመረጠ

ተጓዦቹ ሞርሞኖች፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩ። አብዛኞቹ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ፣ ቀሪዎቹ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ድሆች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከ1847 ጀምሮ ሶልት ሌክ ሲቲ ባለችበት በዩታ ሰፍራ ነበር። አቅም የሌለውን ምእመን ከአውሮፓ ለማምጣትም በ1849 የብድር ገንዘብ አቋቁማለች፤ ተጓዡ ሄዶ ይሠራል፣ ይከፍላል፣ በዚያ ገንዘብ ሌላው ይመጣል። በ1855 ግን ድርቅና አንበጣ የዩታን እህል ፈጀው፤ ገንዘቡም ሳሳ። መሪያቸው ብሪገም ያንግ በበሬ የሚጎተተውን ሠረገላ ትተው ሰዎቹ ጓዛቸውን በእጅ ጋሪ እየጎተቱ እንዲመጡ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከሊቨርፑል እስከ ሶልት ሌክ ለአንድ አዋቂ 9 ፓውንድ ስተርሊንግ ይበቃል ተባለ።

ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። የበሬ ሠረገላ ይዞ የሚጓዝ ሰውም አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ይሄዳል፤ ሠረገላው የሚሸከመው ዕቃና ስንቅ ነው። በሬ ቀስ ይላል፣ ግጦሽ ይፈልጋል፣ በየማለዳው ተፈልጎ ይጠመዳል። ሸክሙ ቀላል እስከሆነ ድረስ የሰው እግር ይቀድመዋል። በዚያው ዓመት በጁን ከአይዋ ሲቲ የተነሡት ሦስት የእጅ ጋሪ ቅፍለቶችም ይህንኑ አሳይተዋል፦ ሁለቱ ሴፕቴምበር 26፣ ሦስተኛው ኦክቶበር 2 ሶልት ሌክ ገቡ። እነሱ ቢሳካላቸውም የትርፍ ጊዜያቸውና የትርፍ ስንቃቸው ልክ ስንት እንደነበር ማንም አልመዘነም።

ጋሪውና አደረጃጀቱ

ጋሪው ቀላል ነገር ነው። ሁለት ረጃጅም የሂኮሪ ወይም የኦክ እንጨቶች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ከኋላ የጭነቱን አልጋ ይሸከማሉ፣ ወደ ፊት ተርፈው ይወጡና ጫፋቸው በአግዳሚ ይያያዛል። ጎታቹ በእንጨቶቹ መካከል ገብቶ አግዳሚውን በእጁ ወይም በደረቱ ይገፋል፤ ሌላው ከኋላ ይደግፋል። መንኮራኩሮቹ አራት ጫማ ያህል ቁመት አላቸው። በመካከላቸው ያለው ስፋት ከበሬ ሠረገላ ጋር እኩል የተደረገው ሠረገሎች ቀድመው በቀደዱት ዱካ ላይ እንዲሄድ ነው። ባዶው ጋሪ 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለአምስት ሰው አንድ ጋሪ፣ ለሃያ ሰው አንድ ክብ ድንኳን ተመደበ። ለመቶ ሰው ደግሞ በሦስት ጥማድ በሬ የሚጎተት አንድ ሠረገላ ነበር፤ ድንኳኖቹንና ስንቁን የሚጭነው እሱ ነው። በእያንዳንዱ መቶ ላይ አለቃ ተሾመ፤ ቃል በቃል የመቶ አለቃ ማለት ነው። የቅፍለቱ መሪ ካፒቴን ጄምስ ዊሊ ከአይዋ ሲቲ ሲነሣ 500 ሰው፣ 120 ጋሪ፣ 5 ሠረገላ፣ 24 በሬና 45 የእርድ ከብትና የሚታለቡ ላሞች ይዞ ነበር።

አንድ አዋቂ ልብስና መኝታ ጨምሮ 17 ፓውንድ፣ ወደ 7.7 ኪሎ ብቻ ተፈቀደለት፤ በሚዛን ተመዝኖ። ብርድ ልብሱ፣ የሰንበት ጫማው፣ የልጁ መቀየሪያ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ልኩ የተቆረጠው በሞቃቱ የሜዳ በጋ ለሚያልፍ ተጓዥ ታስቦ ነው፤ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ በኦክቶበር ማደር በሐሳቡ ውስጥ አልነበረም።

የጠፉት ሳምንታት

ቶርንተን የምትባለው መርከብ ከሊቨርፑል የተነሣችው ሜይ 4 ነው። ጁን 14 ኒውዮርክ ደረሰች፤ ሰዎቹም በባቡር ተሳፍረው በጁን መጨረሻ አይዋ ሲቲ፣ የባቡር ሐዲዱ ጫፍ ላይ ወረዱ። የሚጠብቋቸው ጋሪዎች ገና አልተሠሩም ነበር። በአትላንቲክ ላይ ገና የቴሌግራፍ ገመድ አልተዘረጋም። በሊቨርፑል ያለው ወኪል ስንት ሰው እንደላከ የአይዋው ወኪል የሚያውቀው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ከሰዎቹ ብዙም አይፈጥንም። ሴቶቹ ድንኳን ሲሰፉ ወንዶቹ ጋሪ ሲሠሩ ወደ ሦስት ሳምንት አለፈ። በደንብ የደረቀ እንጨት ስላልተገኘ የተገኘው እርጥቡ ተጠረበ።

ጁላይ 15 ተነሡ። እስከ ፍሎረንስ፣ በሚዙሪ ወንዝ ምዕራብ ዳርቻ እስካለችው የነብራስካ ሰፈር ድረስ፣ 277 ማይል ነው፤ ኦገስት 11 ደረሱ። ይህ በቀን አሥር ማይል ይሆናል። የአይዋ መንገድ ሰው የሰፈረበት፣ ዱቄት የሚገዛበት፣ የታመመ የሚቀመጥበት መንገድ ነው። ከፍሎረንስ ወዲያ ግን 1,030 ማይል፣ ከ1,650 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። በዚያ ሁሉ ርቀት ስንቅ ሊገኝባቸው ይችላሉ የሚባሉት ጥቂት ምሽጎች ብቻ ነበሩ።

ፍሎረንስ ላይ ስብሰባ ተጠራ፦ እንሂድ ወይስ እዚህ እንክረም? ከተሰበሰቡት ውስጥ መንገዱን ቀድመው የሚያውቁት አራት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ እንሂድ አሉ። አራተኛው ሌቪ ሳቬጅ ከሩቅ ምሥራቅ ስብከት የሚመለስ ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ መነሣት ሞት ያስከትላል ብሎ በግልጽ ተናገረ። ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፈ። ከሄዳችሁማ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ ከሞታችሁም አብሬያችሁ እሞታለሁ ብሎ ቀንበሩን አነሣ።

መቅረቱም ቀላል አልነበረም። ፍሎረንስ ያን ያህል ሕዝብ የሚያከርም ቤትም ጎተራም የላትም። ቢሆንም መቶ ያህል ሰዎች እዚያው ቀሩ። ስለዚህ ምርጫው በሞትና በምቾት መካከል ሳይሆን በሚታወቅ ችግርና በማይታወቅ ችግር መካከል ነበር፤ ስብሰባ ላይ ያለ ሕዝብ የማይታወቀውን መምረጡ አዲስ ነገር አይደለም፣ በተለይ እግዚአብሔር በረዶውን ይመልሳል የሚል ሰባኪ ካለ።

አሁን ስሌቱን እንየው። ለ400 ሰው በቀን ለነፍስ አንድ ፓውንድ ዱቄት ሲታሰብ 400 ፓውንድ ይሆናል። አምስት ሠረገሎች እያንዳንዳቸው 3,000 ፓውንድ ያህል ቢጭኑ 15,000 ፓውንድ ነው፤ ይህ የ37 ቀን ስንቅ ብቻ ነው። በቀን 15 ማይል ያለ ዕረፍት ቢሄዱ ግን 1,030 ማይል 69 ቀን ይፈጃል። ጉድለቱን ለመሙላት የተገኘው ዘዴ በእያንዳንዱ ጋሪ ላይ 98 ፓውንድ የሚመዝን የዱቄት ጆንያ መጫን ነበር። ያ ጆንያ ጋሪውን የሚጎትቱትን አምስት ሰዎች ለ20 ቀን ያህል ይመግባል። 37 እና 20 ሲደመር 57። ከፍሎረንስ በተነሡበት በኦገስት 18 ላይ 57 ቀን ሲጨመር ኦክቶበር 14 ይሆናል። ድርጎው በመንገድ ባይቀነስ ኖሮ ዱቄቱ ሊያልቅ ይችል የነበረው በዚህ ቀን አካባቢ ነው። ጉድለቱን በሥጋ ይሞሉታል ተባለ፤ በሳምንት ሁለቴ ያህል ከብት ይታረዳል፣ ጥቂት የሚታለቡ ላሞችም አሉ። ለአንዲት ክፉ ቀን እንኳ የተቀመጠ ትርፍ ግን የለም።

ጆንያው ዘንጉን ሲበላ

ጆንያው የጋሪውን ጭነት እጥፍ አደረገው። የአምስት ሰው ጓዝ በ17 ሲባዛ 85 ፓውንድ ነው፤ 98 ሲጨመር፣ ድስትና ባልዲ ሲታከል 200 ይጠጋል። ጋሪው ግን የተሠራው ለቀላል ጭነት፣ ያውም በእርጥብ እንጨት ነው። የነብራስካ አየር ደረቅ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከእምብርቱ ወደ ጠርዙ የሚሄዱት እንጨቶች ከቀዳዳቸው ይላላሉ፣ መንኮራኩሩም ይወላገዳል። በዚያ ዘመን የሠረገላ ሰዎች ለዚህ የሚያውቁት መድኃኒት መንኮራኩሩን አውልቆ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ጠዋት ይጠብቃል፣ በሦስተኛው ቀን መልሶ ይላላል።

ከዚህ የከፋው ዘንጉ ነው። ዘንጉም እንጨት፣ የሚዞርበት የእምብርቱ ቀዳዳም እንጨት ነበር፤ በመካከላቸው ብረት የለም። የፕላት ወንዝ ሸለቆ መንገድ አሸዋ ነው፤ አሸዋው በየቀዳዳው ይገባና እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል። ዘንጉ ከትከሻው፣ ማለትም ወደ እምብርቱ ከሚገባበት ከቀጠነው ቦታ፣ ይሳሳና በጭነቱ ይሰበራል። ቅባት ካልቀባኸው እንጨቱ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ይበላል። ከቀባኸው ደግሞ ቅባቱ አሸዋውን ይይዝና መፋቂያ ይሆናል። ስለዚህ የሚበጀው በየጊዜው አውልቆ ጠርጎ እንደገና መቀባት ነው፤ ግን ቅባት ከየት ይምጣ? ከድርጎ የደረሳቸውን የአሳማ ስብና ሳሙናቸውን ቀቡት። የጫማ ቆዳ ቆርጠው ዘንጉን የጠቀለሉም፣ የቆርቆሮ ሳህንና ባልዲያቸውን ቀደው ያለበሱም ነበሩ። የሚበላው ስብ ለዘንግ፣ ለእግር የሚያስፈልገው ቆዳ ለመንኮራኩር ሆነ ማለት ነው። አንድ ጋሪ በተሰበረ ቁጥር ቅፍለቱ ይቆማል፤ አራት መቶ ሰው ሳይራመድ ዱቄት ይበላል።

ከብቱ ሲበረግግ

በሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ፕላት ወንዝን ተከትለው የጎሽ መንጋ ወደበዛበት አገር ሲደርሱ፣ ከብቶቻቸው ሌሊት በረገጉና ወደ 30 የሚሆኑት ጠፉ። ለቀናት ተፈለጉ፣ አልተገኙም። ለየሠረገላው የቀረው አንድ ጥማድ ያህል ብቻ ሆነ። 3,000 ፓውንድ ዱቄት የተጫነበትን ሠረገላ አንድ ጥማድ አያንቀሳቅሰውም። የእርድ ከብቶቹም፣ የሚታለቡት ላሞችም፣ የሁለት ዓመት ጊደሮች ሳይቀሩ ተጠመዱ። ያልተገራ ከብት ቀንበር ላይ ምን እንደሚያደርግ ማንም ገበሬ ያውቃል፤ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይጎትታል። በመጨረሻም ጆንያዎቹ ተመልሰው ጋሪ ላይ ወጡ፤ ተበልተው ባዶ በነበሩት ምትክ ሌላ ጆንያ ተጫነ።

እኛ የጉዳዩን መዞሪያ የምናደርገው ይህን ሌሊት ነው። ቀናት ጠፉ፣ ወተቱ ነጠፈ፣ ለሥጋ የታሰበው ከብት በጉተታ ከሳ፣ ጎታቹም ገና በጉዞው ግማሽ ሳይደርስ እጥፍ ሸክም ተመለሰበት። በፍሎረንሱ ስሌት ውስጥ ትርፍ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አሁን ያነሡት ነበር።

ሴፕቴምበር 12 በሊቨርፑል ጉዞውን ያደራጀው ፍራንክሊን ሪቻርድስና ባልደረቦቹ በፈጣን ፈረስና በቅሎ ሠረገላ ደረሱባቸው። የሳቬጅን ጥርጣሬ ነቀፉ፣ ስንቅ ወደፊት እንደሚጠብቃቸው ተስፋ ሰጡ፣ ከደከሙት ተጓዦች መንጋ የታረደ ጥጃ በልተው ቀድመው ሄዱ። የመቶ አለቃ የነበረው ጆን ቺዝሌት ከዓመታት በኋላ ጽፎ ሲያስታውሰው ምሬቱ አልበረደም ነበር።

ፎርት ላራሚ

ኦክቶበር 1 ላራሚ ምሽግ አካባቢ ደረሱ። ተስፋ የተደረገው ስንቅ አልነበረም። ካፒቴን ዊሊ ጥቂት በርሜል ደረቅ ብስኩት ገዛ። ከፍሎረንስ እስከዚህ 44 ቀን ፈጅቶባቸው የመንገዱን ግማሽ ያህል ሄደዋል፤ ይህ በቀን 12 ማይል ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ቀሪው ግማሽ በኖቬምበር ሁለተኛ ሳምንት ይጠናቀቃል። ቁጭ ብለው ሲያሰሉት፣ ባለው አበላልና አካሄድ ከቀጠሉ ዱቄቱ የሚያልቀው ሶልት ሌክ ለመድረስ 350 ማይል ሲቀር መሆኑን አዩ።

የወሰዱት እርምጃ ድርጎውን ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሩብ ማውረድና ፍጥነት መጨመር ነበር። ቆይቶ፣ ኢንዲፔንደንስ ሮክ አካባቢ፣ እንደገና ተቀነሰ፦ ለሚሠራ ወንድ 12 አውንስ (16 አውንስ አንድ ፓውንድ ነው)፣ ለሴትና ለሽማግሌ 9፣ ለልጅ እንደ ዕድሜው ከ4 እስከ 8። አንድ ፓውንድ ዱቄት 1,650 ካሎሪ ያህል ነው፤ 12 አውንሱ 1,240፣ 9 አውንሱ 930 ገደማ ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ጋሪ የሚጎትት ወንድ ከ3,500 በታች አይበቃውም። ሥጋው ሊሞላው አልቻለም፤ በጉተታ የከሳ በሬ ሥጋ ጅማት ነው፣ ስብ የለውም። ያለ ዱቄትና ያለ ጨው ሲበላ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል፤ አመጣም። ምግብ ቀንሶ ፍጥነት መጨመር በወረቀት ላይ ቀኖቹን ያገናኛል፤ በሰውነት ላይ ግን ሁለቱም ከአንድ ቋት የሚወጡ ናቸው።

መንገዱ አሁን ሽቅብ ነው። ስዊትዋተር ወንዝን ደጋግሞ ይሻገራል፤ በየመሻገሪያው እስከ ጉልበትና ከዚያ በላይ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ሌሊቱን ልብሳቸው ላያቸው ላይ ይረጋል። የ17 ፓውንዱ ገደብ በብርድ ልብስ እጥረት ዋጋ ያስከፈለው እዚህ ነው። በሜዳው ላይ ያነድዱት የነበረውን የጎሽ ኩበት በረዶው ከሸፈነው አይገኝም፤ ወንዝ ዳር ያለው ቀጫጭን አኻያ ነው።

ሞቱ የጀመረው ከሽማግሌዎችና ከሕመምተኞች ነበር። ከዚያ ግን ጠንካራ የሚባሉት ወንዶች መውደቅ ጀመሩ፤ በመላው ቅፍለት ሲታይም ከሴቶች ይልቅ ወንዶች በብዛት ሞተዋል። ምክንያቱ አያስገርምም፦ ከባዱን ጉተታ የሚይዙት፣ ሌሊት ከብት የሚጠብቁት፣ ሌላውን እያሻገሩ ደጋግመው ውሃ የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ ከድርጎአቸው ቆርሰው ለልጅ የሚሰጡም አሉ።

የነፍስ አድን ሠረገሎች

ሪቻርድስ ኦክቶበር 4 ሶልት ሌክ ገባና ከኋላ ገና ከሺህ የሚበልጥ ሰው እንዳለ ተናገረ። ከተማው ደነገጠ፤ የዓመቱ ተጓዥ ሁሉ ገብቷል ተብሎ ስንቅ ይዘው የወጡት ሠረገሎች ተመልሰው ነበርና። በማግስቱ እሑድ ያንግ ስብከቱን ትቶ ነጂ፣ በቅሎ፣ ዱቄት አምጡ አለ። ኦክቶበር 7 በጆርጅ ግራንት መሪነት 27 ሰዎች 16 ሠረገላ ይዘው ወጡ። ይህ ፍጥነት ምስጋና ይገባዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ያን ያህል ጭኖ ማስወጣት ቀላል አይደለም።

የግራንት መልእክተኞች ኦክቶበር 19 በበረዶው መካከል ዊሊን አገኙና እርዳታ እየመጣ መሆኑን ነግረው፣ ከኋላ ያሉትን ፍለጋ አለፉ። ቅፍለቱ ስድስተኛው መሻገሪያ በሚባለው ስፍራ ሰፈረ። የላራሚው ደረቅ ብስኩት የተከፋፈለው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የከሳ ከብት ሥጋ ብቻ። የነፍስ አድኖቹ ሠረገሎች ግን ማዕበሉን ሽሽት ከመንገዱ ወጣ ብለው አኻያ ውስጥ ተጠልለው ነበር። ኦክቶበር 20 ዊሊና ጆሴፍ ኤልደር ሁለቱ ብቻ ወደፊት ሄዱ። ከነፍስ አድኖቹ አንዱ መንገድ ዳር ምልክት ተክሎ ስለነበር ሲመሽ አገኟቸው። ያ ምልክት ባይኖር አልፈዋቸው ሊሄዱ ይችሉ ነበር። በማግስቱ ዱቄት፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ልብስ ሰፈሩ ደረሰ።

ምግብ መድረሱ ሞቱን ወዲያው አላቆመውም። ግማሹ ሠረገላ ሌሎቹን ፍለጋ ወደ ምሥራቅ መቀጠል ነበረበት፤ ለዊሊ ሰዎች የቀሩት ሠረገሎች በጣም የታመሙትን ብቻ ይጭናሉ፣ ሌላው ጋሪውን ይጎትታል። ኦክቶበር 23 ሮኪ ሪጅ የሚባለውን ዳገት ወጡ፤ እስከ ሮክ ክሪክ ሰፈር 15 ማይል ያህል፣ ንፋስና ጥልቅ በረዶ ፊት ለፊት። ጋሪውን ለብቻው ማውጣት ያልቻለ ከሌላው ጋር ተጣምሮ አንዱን ያወጣል፣ ተመልሶ ሁለተኛውን። በዚህ አኳኋን 15 ማይሉ ለብዙዎች እጥፍ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹ የገቡት ሊነጋጋ ሲል ነው። ጠዋት 13 ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ከቀባሪዎቹ ሁለቱ በዚያው ቀን ሞቱና አጠገባቸው ተቀበሩ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሠረገሎች እየተገናኟቸው መጡ፤ ሰዎቹም ጋሪውን ትተው ተሳፈሩ። ኖቬምበር 9 ሶልት ሌክ ገቡ፤ ላራሚ ላይ ያሳዩት ፍጥነት ከሚሰጠው ቀን ጥቂት ቀናት ብቻ ቀደም ብለው። ከፍሎረንስ ከተነሡት 400 ገደማ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉት ሞተዋል። ከእነሱ ኋላ የመጣው የኤድዋርድ ማርቲን ቅፍለት ኖቬምበር 30 ገባ። ሸክም ለማቅለል ብርድ ልብሱን መንገድ ላይ አቃጥሎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የፕላትን ወንዝ ሲሻገር በዚያው በኦክቶበር 19 ማዕበል ተያዘ፤ ከ576 ያህሉ ከ130 በላይ አጣ።

የእጅ ጋሪው በዚህ አልቀረም። ከ1857 እስከ 1860 አምስት ቅፍለቶች በጊዜ ተነሥተው ያለ እንዲህ ያለ እልቂት ገብተዋል፤ በአጠቃላይ በአሥሩ ቅፍለቶች ወደ 3,000 ሰው ተጉዟል። ከ1861 ጀምሮ ግን አሠራሩ ተገለበጠ። በሬና ሠረገላው በጸደይ ከሶልት ሌክ ተነሥቶ ወደ ሚዙሪ ይወርዳል፣ ስደተኞቹን ጭኖ በዚያው በጋ ይመለሳል። ሲወርድም በየጣቢያው የመመለሻ ዱቄት እያስቀመጠ ያልፍ ነበር።